ምስልና ጽሑፍ በአንድ ሚዛን፤ ከቢዮ አዋሌ ማሳ የተነሣ ጥያቄ

ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክፍል የምትገኝ ቀበሌ ናት። «ቢዮ» በሶማልኛ ውኃ ማለት ሲሆን፣ የአካባቢው ገበሬ ኑሮ ግን ዝናብን ጠብቆ በሚበቅል ማሽላና በጥቂት ከብቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ባለፈው ክረምት ከጥቂት ተማሪዎቻችን ጋር ለፀሐይ ጨረር ልኬት ወደዚያ በሄድንበት ዕለት፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ከማሳቸው ዳር የነቀሉትን ተክል ይዘው መጡ። ተክሉ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ ነጫጭ ጥቃቅን አበቦቹም የተበተነ ቅንጬ የሚመስሉ ነበር። አዛውንቱ በአፋን ኦሮሞ ተናገሩ፤ ከተማሪዎቻችን አንዱም «አባባ፣ ትንሽ ቀስ ይበሉልኝ» እያለ ተረጎመልን። ያሉት ይህ ነበር፤ «ይህ ፈረምሲሳ መሆኑን እናውቀዋለን። ፍየሎቹ ሌላ ሲያጡ ይቀምሱታል። ወተታቸውን ልጆች ቢጠጡት ምን ያደርጋቸዋል?»

እኛ የፊዚክስ መምህራን ነን፤ መልሱን አናውቅም ነበር። ተማሪው የእጅ ስልኩን አውጥቶ ተክሉን ፎቶ አነሣና፣ ጥያቄውን በአማርኛ ጽፎ ምስልና ጽሑፍን በአንድ ላይ ለሚቀበል የፍለጋ አገልግሎት ላከው። የተመለሰለት መልስ የአበባ ፎቶዎች ድርድር ነበር፤ አብዛኞቹም ያማሩ የጓሮ አበቦች ነበሩ። ፎቶውን አውጥቶ ጽሑፉን ብቻ ሲልክ ደግሞ ስለ ፍየል ወተት ጠቀሜታ የሚያትቱ ገጾች መጡ። ፎቶው ሲኖር ጥያቄው ተረሳ፤ ጥያቄው ብቻውን ሲቀር ተክሉ ጠፋ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ገጠመኝ አንድ ስልክ ወይም አንድ አገልግሎት ስለ ተበላሸ የደረሰ አልነበረም። ምስልንና ጽሑፍን በጣምራ የሚመለከቱ የፍለጋ ሞዴሎች ሁሉ የሚፈተኑበት መሠረታዊ ችግር ነው፤ እርሱም ከሁለቱ ምንጮች ለየትኛው፣ ምን ያህል ክብደት ይሰጥ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ፣ ለምን አንድ ቋሚ የሆነ መልስ እንደሌለውና ለእኛ አገር ቋንቋዎች ለምን ተለይቶ እንደሚከብድ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ምስልና ጽሑፍ እንዴት ይነጻጸራሉ?

ለኮምፒዩተር አንድ ፎቶግራፍ የብርሃንና የቀለም መጠንን የሚገልጹ የብዙ ሺህ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገርም የፊደል መለያ ቁጥሮች ሰልፍ ነው። ሁለቱ በዚህ መልካቸው የሚገናኙበት መንገድ የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ወደ አንድ ዓይነት ነገር መለወጥ የግድ ይሆናል፤ ያም የጋራ ነገር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዋወቅነው ቬክተር ነው። ልዩነቱ እኛ የምናውቀው ቬክተር ሁለት ወይም ሦስት አቅጣጫ ሲኖረው፣ እነዚህኞቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ አቅጣጫዎች ያሏቸው መሆኑ ነው።

በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት ሞዴሎች አንዱ ኦፕን ኤአይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ይፋ ያደረገው ክሊፕ ነው። ክሊፕ ሁለት መቀየሪያዎች አሉት። አንዱ ምስልን፣ ሁለተኛው ጽሑፍን ወደ ቬክተር ይለውጣል፤ ከሞዴሉ ዓይነቶች በአንደኛው የቬክተሩ ርዝመት 512 ቁጥር ነው። ሥልጠናው የተካሄደው ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ 400 ሚሊዮን የምስልና የመግለጫ ጥንዶች ነው። በየዙሩ 32,768 ጥንዶች በአንድ ጊዜ ይቀርቡለታል፤ ሞዴሉም እያንዳንዱን ምስል ከገዛ መግለጫው ጋር እንዲያቀራርብ፣ ከሌሎቹ መግለጫዎች ሁሉ ግን እንዲያርቅ ይደረጋል። ይህ ሥራ በተደጋገመ ቁጥር የውሻ ፎቶና «ውሻ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቬክተሮች ወደ ተቀራራቢ አቅጣጫ ማመልከት ይጀምራሉ።

መቀራረባቸው የሚለካው በመካከላቸው ባለው ማዕዘን ኮሳይን ነው። ሁለት ቬክተሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከቱ ኮሳይኑ 1፣ ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሠሩ 0 ይሆናል። የፍለጋ ማሽን ሥራም በዚህ መልክ ይቀላል፤ የጠያቂውን ምስልና ጽሑፍ ወደ ቬክተር ይለውጥና፣ በመረጃ ቋቱ ካሉት ሰነዶች መካከል ትልቁን ኮሳይን ያገኘውን አስቀድሞ ያቀርባል።

ሁለቱን ውጤቶች መደመር ለምን አይበቃም?

ጠያቂው ምስልም ጽሑፍም ከላከ ሁለት ኮሳይኖች ይገኛሉ። እነርሱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል። ችግሩ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ መለኪያ የተለኩ አለመሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በክሊፕና በመሰሎቹ ውስጥ የምስል ቬክተሮች በአንድ ጠባብ ሾጣጣ ውስጥ፣ የጽሑፍ ቬክተሮች ደግሞ ከዚያ ርቆ በሚገኝ ሌላ ሾጣጣ ውስጥ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ባዶ ቦታ አለ። በዚህም ምክንያት የምስል ከምስል ኮሳይን አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ሲሆን፣ የጽሑፍ ከምስል ኮሳይን ግን ሁለቱ በትክክል የሚገጣጠሙ ቢሆኑ እንኳ አነስተኛ ሆኖ ይቀራል። ይህ አንዱን በሜትር፣ ሌላውን በክንድ ለክቶ ቁጥሮቹን እንደ መደመር ያለ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ እኛ ለማስረዳት ያህል ያወጣናቸው ናቸው። የቢዮ አዋሌው ጥያቄ ሦስት ሰነዶችን አገኘ እንበል። ሰነድ ሀ የዚሁ አረም ጥርት ያለ ፎቶ ሲሆን ስለ ወተት የሚለው ነገር የለም፤ የምስል ውጤቱ 0.88፣ የጽሑፍ ውጤቱ 0.20 ነው። ሰነድ ለ አረሙ በከብትና በወተት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ያብራራል፤ ፎቶው ግን ደብዛዛ ነው። የምስል ውጤቱ 0.76፣ የጽሑፍ ውጤቱ 0.30 ነው። ሰነድ ሐ ስለ ሌላ የከብት መኖ የሚናገር ሲሆን ውጤቶቹ 0.64 እና 0.25 ናቸው።

በቀላሉ ስናማክል ሀ 0.54፣ ለ 0.53፣ ሐ 0.445 ያገኛሉ። ስለዚህ ለገበሬው ቀድሞ የሚቀርበው ስለ ወተት አንዳች የማይለው ፎቶ ይሆናል። አሁን እያንዳንዱን ውጤት ከወገኑ አማካይ ቀንሰን ለመደበኛ ልይይቱ እናካፍል። የምስሉ አማካይ 0.76፣ መደበኛ ልይይቱ ወደ 0.098 ነው። የጽሑፉ አማካይ 0.25፣ መደበኛ ልይይቱ ወደ 0.041 ነው። ከዚህ በኋላ ሀ በምስል 1.22 ሲያተርፍ በጽሑፍ ያንኑ ያህል ይከስርና ድምሩ 0 ይሆናል። ለ በምስል 0፣ በጽሑፍ 1.22 ያገኛል። ሐ በምስል 1.22 ጎድሎ በጽሑፍ 0 ላይ ይቆማል። አሸናፊው ለ ሆነ። የሰነዶቹ ይዘት አልተለወጠም፤ የተለወጠው መለኪያው ብቻ ነው። በተግባር አማካዩና ልይይቱ የሚሰሉት ከሦስት ሳይሆን ከብዙ ሺህ ሰነዶች ነው።

ከዚህም የቀለለ ሌላ ዘዴ አለ። ውጤቶቹን ትቶ ደረጃዎቹን ብቻ መውሰድ ነው። በምስል 1ኛ፣ በጽሑፍ 3ኛ የወጣ ሰነድ ለየደረጃው ነጥብ ይሰጠውና ነጥቦቹ ይደመራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የቀረበና እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት አንድ ቀመር ለእያንዳንዱ ደረጃ 1 ሲካፈል ለ60 ሲደመር ደረጃው የሚል ነጥብ ይሰጣል። የመለኪያ ልዩነት በዚህ መንገድ ይወገዳል፤ ሆኖም 1ኛው ከ2ኛው በብዙ ይበልጥ ወይም በጥቂት የሚለው መረጃ አብሮ ይጠፋል።

ሁለቱ ቴርሞሜትሮች

መለኪያውን ማስተካከል የችግሩ ግማሽ ብቻ ነው። መለኪያው ከተስተካከለ በኋላም ሁለቱን ወገኖች እኩል ማመን ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በቤተ ሙከራ ያሳለፈ ተማሪ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። የአንድ ክፍል ሙቀት በሁለት ቴርሞሜትሮች ተለካ እንበል። የመጀመሪያው ስሕተቱ 1 ዲግሪ ሆኖ 30 ዲግሪ አነበበ፤ ሁለተኛው ስሕተቱ 2 ዲግሪ ሆኖ 35 ዲግሪ አነበበ። ትክክለኛው አሠራር ለእያንዳንዱ ከስሕተቱ ስኩዌር ጋር ተገላቢጦሽ የሆነ ክብደት መስጠት ነው። ይኸውም 1 እና አንድ አራተኛ፣ በመቶኛ ሲሰላም 80 እና 20 ማለት ነው። ውጤቱ 31 ዲግሪ ይሆናል። ደካማው መሣሪያ አልተጣለም፤ የሚገባውን ያህል ብቻ ተደመጠ።

ምስልና ጽሑፍም እንደነዚህ ቴርሞሜትሮች ናቸው፤ በአንድ ነገር ግን ይለያሉ። የቴርሞሜትሩ ስሕተት ከቀን ወደ ቀን ብዙ አይለዋወጥም፤ የምስልና የጽሑፍ ስሕተት ግን ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ይገለባበጣል። ከድሬዳዋ አካባቢ ሦስት ምሳሌዎችን እንውሰድ።

አንደኛው የደቻቱ ወንዝ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ድሬዳዋን መትቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። አንድ ሰው ስለዚያ ጎርፍ ለማወቅ ፈልጎ የወንዙን ፎቶ ቢልክ፣ ፎቶው የሚያሳየው ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነ አሸዋማ መውረጃ ነው። በዓለም ላይ ይህን የሚመስል ደረቅ ወንዝ ስፍር ቁጥር የለውም። «ደቻቱ» የሚለው ስምና «1998» የሚለው ቁጥር ግን አይሳሳቱም። በዚህ ጥያቄ ሚዛኑ ወደ ጽሑፍ ማዘንበል ይኖርበታል።

ሁለተኛው ከድሬዳዋ በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ነው። ይህን የቅድመ ታሪክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ካገኙት ወዲህ በድንጋይ መሣሪያዎቹና በግድግዳ ሥዕሎቹ ታውቋል። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ለጽሑፍ ብቻ ያደላ ማሽን ስሙን ተቀብሎ እሾኻም እንስሳ ያቀርብልናል፤ ለምስል ብቻ ያደላው ደግሞ ያገኘውን የኖራ ድንጋይ ዋሻ ሁሉ ይደረድርልናል። ትክክለኛው መልስ የሚገኘው የዋሻው ምስል ጃርቱን፣ ስሙም ሌሎቹን ዋሻዎች ሲያስወግድ ነው።

ሦስተኛው የገበሬው አረም ነው። ገና ሳያብብ ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ በሕንድ አገር «የካሮት ሣር» እስከ መባል ደርሷል። ስለዚህ በዚያ ዕድሜው ምስሉ አጠራጣሪ ነው። ሲያብብ ግን ምስሉ አስተማማኝ ይሆናል። ያው ተክል፣ ያው ጠያቂ፣ ያው ጥያቄ ሆኖ፣ ተገቢው ክብደት በሳምንታት ውስጥ ተለወጠ ማለት ነው። ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው ለሁሉም ጥያቄ የሚሆን አንድ የክብደት ቁጥር ፈልጎ ማግኘት እንደማይቻል ነው። ሞዴሉ ክብደቱን ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ መገመት አለበት፤ ፎቶው ደብዛዛ ከሆነ ከምስሉ፣ ቃሉ ብዙ ትርጉም ያለው ከሆነም ከጽሑፉ እየቀነሰ።

አንዱ ሌላውን ሲውጠው

የቴርሞሜትሩ ስሌት የሚያገለግለው የሁለቱ መሣሪያዎች ስሕተት የማይገናኝ ሲሆን ነው። በምስልና በጽሑፍ ዘንድ ግን ይህ ሁልጊዜ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 የክሊፕ ሠሪዎች ራሳቸው አንድ አስገራሚ ሙከራ አሳይተዋል። በአንድ አረንጓዴ ፖም ላይ «አይፖድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ለጠፉና ለሞዴሉ አቀረቡለት፤ ሞዴሉም ፖሙን አይፖድ ነው አለ። በምስሉ ውስጥ የተጻፈው ቃል ከፍሬው ቅርጽና ቀለም በለጠበት።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቁ ተክሎችን በወረቀት ላይ አጣብቆ ይጠብቃል። በየወረቀቱም ጥግ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ የተሰበሰበበት ቦታና ቀን የሚመዘገብበት መግለጫ ይለጠፋል። እንዲህ ያለው ወረቀት ለሥልጠና እጅግ ምቹ የምስልና የጽሑፍ ጥንድ ይመስላል። ነገር ግን መግለጫው ሳይሸፈን ፎቶ ተነሥቶ ለሞዴል ቢሰጥ፣ ሞዴሉ ቅጠሉን ከመመርመር ይልቅ መግለጫውን ማንበብን ይማራል። በፈተናም ጥሩ ውጤት ያመጣል። ማሳ ላይ፣ መግለጫ ያልተለጠፈበት አረም ሲያጋጥመው ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

ሌላም የስንፍና ዓይነት አለ። ስለ ምስል ለሚቀርቡ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ ሞዴሎች ምስሉን ሳያዩ መገመትን ይለምዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በዘርፉ በሰፊው ይሠራበት የነበረን የጥያቄዎች ስብስብ መርምሮ፣ «ምን ዓይነት ስፖርት ነው?» ተብሎ ለሚጀምሩ ጥያቄዎች ከመቶ 41 ጊዜ ትክክለኛው መልስ «ቴኒስ» እንደሆነ፣ «ስንት» ለሚሉትም ከመቶ 39 ጊዜ መልሱ «2» እንደሆነ አሳየ። ምስሉን ጨርሶ ያላየ ተማሪ በዚህ ፈተና ጥቂት የማይባል ነጥብ ያገኝ ነበር። የጥናቱ ባለቤቶች ያበጁለት መድኃኒት ቀላልና ብልኅ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን የተለያየ መልስ ያላቸው ሁለት ምስሎችን አቀረቡ። ጥያቄው አንድ፣ መልሱ ሁለት ሲሆን ምስሉን ማየት ግድ ይሆናል። በእኛ ጉዳይም ይኸው ይሠራል፤ ለአንድ የአረም ፎቶ «ስሙ ማን ነው?» እና «ወተት ያበላሻል ወይ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎችን አቅርቦ የተለያየ ሰነድ እንዲያመጣ ማሠልጠን ጽሑፉን እንዳይዘነጋ ያስገድደዋል።

የእኛ ፊደል በሚዛኑ ላይ

እስካሁን የተነጋገርነው የጽሑፍ መቀየሪያው ጽሑፉን ያነባል ብለን ነው። ጽሑፉ በግእዝ ፊደል ሲሆንስ? የመጀመሪያው ክሊፕ የሠለጠነው በእንግሊዝኛ መግለጫዎች ነው። ጽሑፍን የሚቀበለውም በቁርጥራጮች ከፍሎ ሲሆን፣ ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር ከ77 ቁርጥራጭ በላይ አይዝም። አንድ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁርጥራጭ ይሆናል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ግን በኮምፒዩተር ውስጥ በ3 ባይት የሚጻፍ በመሆኑ፣ በከፋው ሁኔታ አንድ ፊደል ብቻውን 3 ቁርጥራጭ ይሆናል። ሞዴሉ እንዲህ ሲሆን 25 ፊደል ያህል ካነበበ በኋላ ቦታ ያልቅበታል። «ፍየሎቹ ይህን አረም በልተው» ካልን በኋላ ብዙ ሳንቀጥል ወረቀቱ ሞላ ማለት ነው፤ ስለ ወተቱና ስለ ልጆቹ የሚለው ክፍል ተቆርጦ ይቀራል። የተነበበውም ቢሆን ሞዴሉ ያልተማረው ነው።

በእርግጥ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጉግል ይፋ ያደረገው ላብሴ የተሰኘ የጽሑፍ ሞዴል 109 ቋንቋዎችን ወደ አንድ የቬክተር ቦታ ያመጣል፤ አማርኛና ሶማልኛም ከእነርሱ መካከል ናቸው። አፋን ኦሮሞ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እንግዲህ የቢዮ አዋሌው አዛውንት በገዛ ቋንቋቸው ቢጠይቁ፣ ጥያቄያቸው ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ገና ክብደቱን ሳያገኝ ነው።

ከዚህ ላይ የቴርሞሜትሩ ስሌት አንድ አደጋ ያስከትላል። በጥንቃቄ የተሠራ ሞዴል የአማርኛው ወይም የኦሮምኛው ጽሑፍ እንዳልገባው ከተገነዘበ፣ በሕጉ መሠረት የጽሑፉን ክብደት ይቀንስና በምስሉ ይታመናል። በስሌት ደረጃ ትክክል ነው። በውጤቱ ግን ጠያቂው የተናገረውን ሁሉ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ፎቶውን ብቻ ይመልስለታል፤ ለአበባ ፎቶዎቹ ድርድር ከምንገምታቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ደካማው የጠያቂው ቃል ሳይሆን የማሽኑ ጆሮ ነበር።

የሚጠፋውም ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስተሮፎረስ የሆነ አረም ከአሜሪካ የሐሩር ክልል የመጣ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ ነው። ከእርዳታ እህል ወይም ከጦር ተሽከርካሪዎች ጋር እንደ ገባ ይገመታል። በአማርኛ ቅንጬ አረም ይባላል። «ፈረምሲሳ» የሚለው የኦሮምኛ ስሙ በጥሬው «ያስፈርማል» ማለት ሲሆን፣ ገበሬውን መሬቱን ፈርሞ እንዲለቅ ያደርገዋል የሚል ምሬት አለበት። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ በዚያ አንድ ቃል ውስጥ አረሙ ማሳን እንዴት እንደሚወር የተመለከተ የሁለት ትውልድ ትዝብት ተቀምጧል። አንድ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ሊበትን እንደሚችል ዕፅዋት ተመራማሪዎች ኋላ የነገሩንን፣ ስሙ በራሱ መንገድ ይመሰክራል። ምንም ያህል ጥርት ያለ ፎቶ ይህን አያሳይም።

የጽሑፋችን መልክ መብዛትም ሌላ እንቅፋት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ በየጸሐፊው እጅ ይለዋወጣሉ። የቀበሌዋ ስም ራሱ «ቢዮ አዋሌ» እና «ቢዮአዋሌ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መልኩ ይበረክታል። ለሰው ሁሉም አንድ ነው፤ ላልሠለጠነ ማሽን ግን እያንዳንዱ ሌላ ቦታ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ይህ ሁሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚፈቱት ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም። በአንድ የሳይንስ ፋኩልቲ አቅም ሊሠሩ የሚችሉ ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ፈተና ነው። ማንኛውንም ምስልና ጽሑፍ የሚቀበል አገልግሎት በሥራ ላይ ከማዋል በፊት አንዴ ምስሉን በባዶ ነጭ ወረቀት፣ አንዴ ጽሑፉን በባዶ መስመር ተክቶ መሞከር ይገባል። ጽሑፉ ሲወገድ መልሱ ካልተለወጠ፣ ሞዴሉ መጀመሪያውንም አላነበበውም። ይህን ፈተና ማንም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ከሰዓት ሊያካሂደው ይችላል።

ሁለተኛው መሰብሰብ ነው። የዕፅዋት፣ የበሽታና የተባይ ፎቶዎችን ከነአገርኛ ስማቸው፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ፣ ከነጥያቄያቸው ጭምር መመዝገብ ያስፈልጋል። ምስል ብቻ መሰብሰብ ቀላል በመሆኑ ሁሉም ወደዚያ ያዘነብላል፤ የሚጎድለን ግን ገበሬው ምስሉን ይዞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የፊደላቱን መለዋወጥ አስቀድሞ ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ አጭር ፕሮግራምም ለዚሁ ሥራ ይረዳል።

ሦስተኛው ግልጽነት ነው። ማሽኑ መልስ ሲሰጥ በምስሉ ምን ያህል፣ በጽሑፉ ምን ያህል ተመርቶ እንደ መለሰ ለጠያቂው ቢያሳይ፣ ተጠቃሚው መቼ ሊያምነው፣ መቼ ሊጠረጥረው እንደሚገባ ይለያል። «ጥያቄህን በቅጡ አልተረዳሁም፤ የመለስሁት በፎቶው ብቻ ነው» የሚል አንድ መስመር ከብዙ ያማሩ ሥዕሎች ይጠቅማል።

ወደ ቢዮ አዋሌ እንመለስ። የአዛውንቱን ጥያቄ መልስ በመጨረሻ ያገኘነው በስልክ ፍለጋ ሳይሆን ከዕፅዋት ሳይንስ ባልደረቦቻችን ነው። አረሙ መርዛማ ንጥረ ነገር ያለው ስለሆነ የሚበሉት እንስሳት ይታመማሉ፤ ወተታቸውም ይመራል። ሲነቅሉት የሚነኩት ሰዎች ቆዳ ላይም ማሳከክና ቁስለት ያስከትላል። ስለዚህ ፍየሎቹን ከአረሙ ማራቅ፣ ሳያብብም እጅን ሸፍኖ መንቀል ይመከራል። ይህን በቀበሌው የልማት ሠራተኛ በኩል አስነገርን። አዛውንቱም በዚያው በኩል ሌላ ጥያቄ ልከውልናል፤ የተነቀለው አረም ከደረቀ በኋላ ለማገዶ ቢሆን ጭሱ ልጆቹን ይጎዳ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ከጥያቄው ጋር የተላከ ፎቶ የለም። ተማሪዎቻችንም በዚህ ዓመት በሚጀምሩት ስብስብ ውስጥ ጥያቄውን በአዛውንቱ ቃል፣ በአፋን ኦሮሞ እንዳለ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፈውታል።